ለሃያ እንግዳ፦ ከዋዜማው የሚያልቅ የቤት ግብዣ

ቤት ውስጥ ሰው ልንጠራ ስናስብ መጀመሪያ የሚታወሰን ዶሮ ወጥ ነው። ከዚያ ሽንኩርት ሲላጥ ይዋላል፣ ሲቁላላ ይመሻል፣ እንግዳ ሲገባም ጋባዥ ከምድጃው ዳር አልተነሣችም። ሳሎን ውስጥ ጨዋታው ሲደራ በር ላይ ብቅ ትልና «ብሉ እንጂ፣ ምነው ዝም አላችሁ» ብላ ትመለሳለች። ለፋሲካና ለገና ይሁን፤ ዶሮው የበዓሉ ክብር ነው። ለልጅ ልደት፣ ለምረቃ፣ ለአዲስ ቤት ወይም ያለ ምንም ምክንያት ወዳጅ ለማሰባሰብ ግን በእጅ የሚነሣ፣ ቆሞም ተቀምጦም የሚበላ፣ አብዛኛው ከዋዜማው የተሰናዳ ምግብ እመርጣለሁ። ጋባዥም ሰው ነውና ቁጭ ብሎ ይጫወት።

ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት ቅዳሜ ከቀኑ 9 ሰዓት ለሚመጡ 20 ያህል ሰዎች የተሰላ ነው። በዚያ ሰዓት ሰው ምሳውን በልቶ ስለሚመጣ ሙሉ ማዕድ አይጠብቅም። ግብዣውን ወደ ሥራ ቀን ብታዞሩትና ወቅቱ ዐቢይ ጾም ቢሆን እንኳ፣ እስከ 9 ሰዓት የሚጾመው እንግዳ አይቸገርም። በረመዳን ከሆነ ወደ ማፍጠሪያው ሰዓት አዛውሩትና ቴምር ጨምሩበት፤ ሳምቡሳና ጭማቂ ድሮም የማፍጠሪያ ማዕድ ስለሆኑ ሌላ የሚለወጥ ነገር የለም።

ለምን ሁሉም የጾም ሆነ

ከጭኮ በቀር እዚህ ያለው ሁሉ ሥጋ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የለበትም። ምክንያቱ የጋባዥ ብልሃት ነው። ከምትጠሯቸው ሰዎች መካከል ክርስቲያንም ሙስሊምም ካለ፣ ሥጋ ማቅረብ የሁለት እርድ ነገር ያመጣል፤ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ሳህን። በዚያ ላይ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ 55 ቀን የሚዘልቀው ዐቢይ ጾም አለ፣ ነሐሴ 1 የሚገባው ፍልሰታ አለ። የምስር ሳምቡሳ ይህን ሁሉ ያልፋል። ማንም «ምን አለበት?» ብሎ ሳይሳቀቅ ያነሣል። ሥጋ የግድ ይግባ ካላችሁ በሌላ ዘይት ተጠብሶ በተለየ ሳህን ይቅረብ፤ የማን እርድ እንደሆነም እንግዳው ሳይጠይቅ ይነገረው።

ልኩ ሁሉ 250 ሚሊ ሊትር በሚይዝ ኩባያ ነው። ማንኪያ ስል የሾርባና የሻይ እየለየሁ እናገራለሁ፤ በተለይ በጨው ላይ ሁለቱን ማምታታት ግብዣ ያበላሻል።

ሐሙስ ማታ፦ ዳቦ ቆሎ

በደንብ የደረቀ ዳቦ ቆሎ ሁለት ሳምንትም ስለሚቆይ ከሁሉ ቀድሞ ይሠራል። ከመጀመሪያው ሁለት ሊጥ አድርጉት፤ አንዱ በርበሬ ያለበት ለአዋቂ፣ ሌላው ጣፋጭ ለልጆች።

በሁለት ጎድጓዳ ሳህን ሁለት ሁለት ኩባያ የስንዴ ዱቄት አድርጉ። በአንዱ አንድ የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይግባ። በሌላው ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ቆንጠር ያለ ጨውና ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ኮረሪማ። በእያንዳንዱ ላይ ሩብ ሩብ ኩባያ ዘይት ጨምሩና ዱቄቱ ዘይቱን እስኪጠጣ በጣታችሁ እሹት። ውኃ የሚገባው ከዚህ በኋላ ነው፤ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ። ለእያንዳንዱ ከግማሽ ኩባያ በታች ይበቃል። ሊጡ ጠንከር ያለ መሆን አለበት፤ የላላ ሊጥ ሲጋገር ያብጥና ውስጡ ዳቦ ሆኖ ይቀራል።

ሩብ ሰዓት ካረፈ በኋላ በእርሳስ ውፍረት እያድቦለቦላችሁ አርዝሙት፤ ሦስት አራቱን ጎን ለጎን አስተኝታችሁ የሽምብራ ፍሬ እያሳከላችሁ ክተፉት። ልጆች ካሉ ይህን ሥራ ለእነርሱ ተዉላቸው። ቅርጹ ቢዛነፍ ጉዳት የለውም፣ መጠኑ ብቻ ይቀራረብ፤ አለበለዚያ ትንሹ ሲያር ትልቁ ጥሬ ይሆናል።

ምድጃ ያለው ሰው በ180 ዲግሪ ከ20 እስከ 25 ደቂቃ ይጋግረው፣ መሐል ላይ አንድ ጊዜ ያገላብጠው። ምጣድ ያለው ደግሞ በለዘዘ እሳት እያመሰ ይቁላው፤ ከምጣዱ መራቅ ግን አይቻልም። በዘይት የሚጠብሱም አሉ። ቶሎ ይደርሳል፣ ሲቆይ ግን የዘይት ሽታ ያመጣል። መድረሱን ለማወቅ አንዱን አውጥታችሁ አቀዝቅዙና ንከሱት፤ ትኩሱ ሁልጊዜ ለስላሳ ስለሚመስል በትኩሱ አትፍረዱ። ሙሉ በሙሉ ሳይበርድ ዕቃ ውስጥ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ታፍኖ ያለሰልሰዋል።

ዓርብ፦ ሳምቡሳ

የዚህ ግብዣ ዋናው ሳምቡሳ ነው። ሌላው ቢጓደል ማንም አያስተውልም፣ ሳምቡሳ ካነሰ ግን ይወራል። ለ20 ሰው 40 ይሠራ፤ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን በነፍስ ወከፍ ሁለት ይበቃል።

ከመሙያው ጀምሩ፤ ለመቀዝቀዝ ጊዜ ይፈልጋልና። ግማሽ ኪሎ ድፍን ምስር ልቀሙ፣ እጠቡና ብዙ ውኃ ባለው ድስት ቀቅሉ። ክክ ምስር አይሆንም፤ ይሟሟና ገንፎ ይሆናል። ከ20 ደቂቃ ጀምሮ እየቀመሳችሁ ጠብቁ። ፍሬው በጣት ሲጫኑት የሚፈርስ፣ በማንኪያ ሲነሣ ግን ያልተበታተነ ሲሆን አውርዱና በወንፊት አጥልሉት። ከዚያም በሰፊ ትሪ ላይ ዘርጉት። ይህችን የትሪ ነገር ብዙ ሰው ይዘላታል። ውኃ ያዘለ ምስር ግን ቂጣውን ያርሰዋል፣ የራሰ ቂጣ ዘይት ውስጥ ይፈነዳል፣ የፈነዳ ሳምቡሳ ደግሞ ዘይቱን ወደ ጠባሹ ፊት ይረጫል።

ምስሩ እስኪተን ሦስት ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት አድቅቃችሁ ከትፉና በሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አብስሉ። ሽንኩርቱ ይለስልስ እንጂ አይቅላ። አራት ፍንካች ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ ከሙን፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቁንዶ በርበሬ፣ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ጨውና ሦስት የተከተፉ ቃሪያዎች ይጨመሩ። ምስሩን ደርባችሁ ለሦስት ደቂቃ ያህል አማስሉና አውርዱ። የድንብላል ቅጠል ካላችሁ ከእሳት ከወረደ በኋላ ይግባ። ሲቀዘቅዝ ቅመሱት፤ ጨው ካነሰው አሁኑኑ አስተካክሉ፣ ከታሸገ በኋላ መድረሻ የለውም።

አሁን ቂጣው።

1. ሦስት ኩባያ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨውና ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት አዋህዱ። አንድ ኩባያ የማይሞላ ለብ ያለ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እያከላችሁ ለ10 ደቂቃ ያህል እሹት። እርጥብ ጨርቅ አልብሳችሁ ለግማሽ ሰዓት ተዉት።

2. ሃያ እኩል ድቡልቡሎች አድርጉና መልሳችሁ ሸፍኑ። ሳይሸፈን የቆየ ሊጥ ላዩ ይደርቅና ሲዳመጥ ይሰነጠቃል።

3. ሁለቱን አንሡና የመዳፍ ስፋት እስኪኖራቸው ጠፍጥፉ። አንዱን ዘይት ቀቡና ዱቄት ነስንሱበት፣ ሌላውን ከላዩ ደርቡ፣ ሁለቱን አንድ ላይ 18 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሰፉ ዳምጡ። ሁለት ቂጣ አንድ ላይ መዳመጡ ጊዜ ከማትረፉም በላይ፣ አንዱን ብቻውን ዳምጣችሁ የማታገኙትን ስስነት ይሰጣችኋል።

4. ዘይት ያልነካው ምጣድ ወይም መጥበሻ በመጠነኛ እሳት አግሉና ጣሉት። እዚህ ላይ ዓይናችሁን አትንቀሉ። ሊጡ መጀመሪያ ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል፤ ከዚያ ከዳር ወደ መሐል እየነጣ ይመጣል፣ ትንንሽ አረፋዎችም ብቅ ብቅ ይላሉ። ያን ጊዜ ገልብጡት። በእያንዳንዱ ወገን ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይቆይ። ቡናማ ነጠብጣብ ካወጣ አልፎበታል፣ ሲታጠፍ ይሰበራል። አውርዳችሁ ሳይበርድ ጠርዙን በጥፍራችሁ ፈልጉና ሁለቱን አላቁ፤ መሐሉ ላይ የታፈነው እንፋሎት ቡፍ ብሎ ይወጣል፣ ሁለት ስስ ቂጣም በእጃችሁ ይቀራል። ጣት ያቃጥላል፣ ሲበርድ ግን ይጣበቃል፤ ስለዚህ ቻሉት።

5. እያንዳንዱን ከመሐል ለሁለት ቁረጡና በእርጥብ ጨርቅ ሥር ደርድሩ። አርባ ግማሽ ክብ ይሆናል።

6. ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት በጥቂት ውኃ አቅጥናችሁ ማጣበቂያ አዘጋጁ። የግማሹን ክብ አንድ ጥግ ወደ መሐል እጠፉ፣ ጠርዙን ማጣበቂያ ቀቡ፣ ሌላውን ጥግ ከላዩ አምጥታችሁ ጫኑ፤ ሾጣጣ ኪስ ይሆናል። ሁለት የሾርባ ማንኪያ ያህል መሙያ ጨምሩ፣ ከአፉ አንድ ጣት ያህል ባዶ ተዉ፣ አፉን ቀብታችሁ ጫን ጫን አድርጉ። ከመሙላታችሁ በፊት የሾጣጣውን ጫፍ ተመልከቱ። መርፌ የምታስገባ ቀዳዳ ብትኖር እንኳ ዘይት በእርሷ ይገባልና ማጣበቂያ ጠብ አድርጉባት።

የታጠፈውን ሳታነካኩ ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ደርድሩና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ። ማቀዝቀዣ የሌላችሁ ቂጣውን ብቻ ዓርብ ጋግራችሁ በጨርቅና በፌስታል ጠቅልላችሁ አሳድሩ፤ ምስሩ ቅዳሜ ጠዋት ይቀቀል። በውጭ አገር የምትኖሩ ደግሞ የእስያ መደብሮች ከበረዶ ቤት የሚሸጡትን የስፕሪንግ ሮል ቂጣ ብትጠቀሙ ማንም አይወቅሳችሁም። እጅግ ስስ ስለሆነ ቶሎ ይቀላል፣ እሳቱን ቀነስ አድርጉ።

የሚጠበሰው ቅዳሜ ነው፣ ነገሩን ግን እዚሁ ልጨርስ። አንድ ሊትር ያህል ዘይት ከግማሹ በላይ በማይሞላ ጥልቅ ድስት አግሉ። ቁራጭ ሊጥ ጣሉበት፦ ወርዶ ወዲያው አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ደርሷል፤ ሥር ከቀረ ገና ነው፤ ገብቶ ወዲያው ከጠቆረ እሳቱን ቀንሱ። በአንድ ጊዜ ከስድስት በላይ አትጨምሩ፤ ሲበዛ ዘይቱ ይቀዘቅዝና ሳምቡሳው ዘይት ይጠጣል። አራት አምስት ደቂቃ ይበቃዋል። ጆሮም ይረዳል፤ ሲገባ የነበረው ጩኸት ዝቅ ካለ እርጥበቱ አልቋል ማለት ነው። በረዶ የያዘውን ሳታቀልጡ ጣሉት፣ እሳቱን ቀንሳችሁ አንድ ደቂቃ ጨምሩለት። ሲወጣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ በወንፊት ላይ አቁሙት እንጂ አትከምሩት፣ አትክደኑትም። ልጆች ከምድጃው ይራቁ። ዘይቱ እሳት ቢይዝ ክዳን ጫኑበትና ምድጃውን አጥፉ፤ ውኃ በፍጹም አይነካው።

መሙያ ከተረፈ ሎሚ ጨምቁበት፣ ጥሬ ሽንኩርትና ትንሽ ሰናፍጭ ጨምሩበት፤ አዚፋ መሰል ነገር ይሆንና በነጋታው ለቁርስ ይበላል።

ዓርብ ማታ፦ ቡቲቻና የተቆረሰ እንጀራ

ቡቲቻ ለግብዣ የተፈጠረ ምግብ ነው ብል ማጋነን አይሆንም፤ ከፍሪጅ ወጥቶ እንዲሁ ይቀርባል፣ ሲያድር ይሻሻላል። ሁለት ኩባያ ያልተቀመመ የሽምብራ ዱቄት በአንድ ኩባያ ቀዝቃዛ ውኃ እንዳይጓጉል አድርጋችሁ በጥብጡ። አራት ኩባያ ውኃ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው አፍሉና ብጥብጡን እያማሰላችሁ አፍስሱበት። በለዘዘ እሳት ሳታቋርጡ አማስሉ። ጥሬ ጥሬ የሚለው ሽታ ጠፍቶ ከድስቱ ሥር መላቀቅ ሲጀምር፣ ማለትም ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ ትሪ ላይ ዘርግታችሁ አቀዝቅዙት።

ከቀዘቀዘ በኋላ በሹካ ፈርፍሩና የአራት ሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ ኩባያ ዘይት፣ አድቃችሁ የከተፋችሁት አንድ ቀይ ሽንኩርት፣ አራት ቃሪያና ሁለት የሻይ ማንኪያ የተበጠበጠ ሰናፍጭ ጨምሩበት። ለመጥቀሻ እንዲሆን ከወደዳችሁ በሹካ ደህና አድርጋችሁ ምቱት፣ ከጠነከረም ሁለት ማንኪያ ውኃ ጨምሩ። ሰናፍጩን እየቀመሳችሁ ጨምሩ፤ አፍንጫን የሚያስለቅሰው ለቤተሰብ ይሁን፣ ለእንግዳ ቀለል ይበል።

ለመጥቀሻው አንድ ሁለት ቀን ያደረ አራት እንጀራ ያስፈልጋል። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ከአንድ የሾርባ ማንኪያ አዋዜ ጋር በጥብጡና የእንጀራውን ዓይን ሳትደፍኑ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። በሦስት ማዕዘን ቆራርጡና ምድጃ ውስጥ በ150 ዲግሪ እስኪደርቅ ድረስ፣ ሩብ ሰዓት ገደማ፣ አስቀምጡ። በምጣድም ይሆናል፤ እሳቱ ዝቅ ብሎ ሁለቱም ወገን ይድረቅ። ጤፉ ንጹሕ ከሆነ ሳይሰበር ቀጭ ይላል፤ ሩዝ የበዛበት እንጀራ ግን ይጠነክራል እንጂ እንዲህ አይጥምም።

ቅዳሜ ጠዋት፦ ስንግና የበሶ ድብልብል

ስንግ ቀላል ነው። ሃያ ትልልቅ ቃሪያ በአንድ ጎን ሰንጥቃችሁ ፍሬውን አውጡ፤ ውስጡን በጨው ውኃ አለቅልቁት፣ ማቃጠሉ ይበርዳል። አራት ቲማቲም ፍሬውን አውጥታችሁ፣ ሁለት ቀይ ሽንኩርትም ጨምራችሁ አድቃችሁ ከትፉ፤ ዘይትና ሎሚ አድርጉበት። ጨውና መሙላት ለመጨረሻው ሰዓት ይቆዩ፤ ቲማቲም ጨው ሲነካው ውኃ ይለቃል። እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ ዓይናችሁን እንዳትነኩ።

ለጣፋጭ በሶ አለን። ኬክ የሚያስመጣ ያስመጣ፣ ለልደት ደግሞ ሻማ የሚሰካበት ነገር የግድ ነው፤ ደስታ ከረሜላም በሳህን መቅረቡ አይቀርም። ልጆቹ ግን ራሳቸው ያድቦለቦሉትን በሶ ሲበሉ ማየት ደስ ይላል። ሦስት ኩባያ በሶ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ ለብ ያለ ማርና ሩብ ኩባያ የተቆላ ሰሊጥ አሹ። አልያዝ ካለ ለብ ያለ ውኃ በማንኪያ ጨምሩ፤ በሶ ውኃ የሚጠጣው ቀስ ብሎ ስለሆነ ጥቂት ጠብቃችሁ ጨምሩ። አርባ ትንንሽ ድብልብል ይወጣዋል፤ በሰሊጥ ላይ አንከባሏቸው።

ወቅቱ የፍስክ ከሆነ ከጎኑ ጭኮ ይቀመጥ፦ ሁለት ኩባያ በሶ፣ ሦስት አራተኛ ኩባያ የቀለጠ የተነጠረ ቅቤ፣ ጨው። ቅቤው እንደ በሶው ድርቀት ይጨመራል ይቀነሳል። በትንሽ ሳህን ጠፍጥፋችሁ በትንንሹ ቆራርጡት፤ ከባድ ምግብ ነው፣ ከሁለት ቁራጭ በላይ የሚደፍር ጥቂት ነው።

የሕፃናት ነገር እዚህ ላይ ይነገር። አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በበሶም ሆነ በብርዝ። ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒና ቆሎ ደግሞ ከአምስት ዓመት በታች ላለ ልጅ ትንታ ያመጣሉ። ስለዚህ ሳህኑ ሕፃን ከሚደርስበት ዝቅተኛ ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥ። «አንዲት ፍሬ ምን ታደርገዋለች» የሚል ዘመድ አይጠፋም፤ አትስሙት።

መጠጥ

ለሚጠጣ ቢራና ጠጅ ማቅረብ የቤቱ ጉዳይ ነው። የማይጠጣው እንግዳ ግን ሁልጊዜ ለስላሳ ብቻ ተሰጥቶት ይቀመጣል፤ ይህ የኔ ቅሬታ ነው። ብርዝና ስፕሪስ ለእርሱ ናቸው፤ ሌላውም ይጠጣቸዋል።

ለብርዝ አንድ እጅ ማር ለአምስት እጅ ውኃ ይበቃል። ለ20 ሰው ሦስት ኩባያ ማር በ15 ኩባያ ውኃ ማለት ነው። ውኃው ፈልቶ ለብ እስኪል የበረደ ይሁን። ማሩ ረግቶም ቢሆን ችግር የለውም፣ ለብ ባለው ውኃ ውስጥ ይሟሟል። በንጹሕ ነጠላ ጨርቅ ሁለት ጊዜ አጥልሉና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገቡ። ዓርብ ማታ በርዛችሁ ቅዳሜ ማቅረብ ይቻላል፣ ከማቀዝቀዣ ውጪ ግን አታሳድሩት፤ ጌሾ ባይገባበትም መፍላት ይጀምርና ለማይጠጣ እንግዳ የማይገባ መጠጥ ይሆናል። በብርሌ ብትቀዱት ያምራል። ከጠጅ ጋር እንዳይምታታ ግን የትኛው ብርዝ እንደሆነ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ስፕሪስ ጭማቂ ቤት ሲሠራ አይተን የምናደንቀው፣ ቤት ስንሞክረው ደግሞ የሚደፈርስብን ነገር ነው። ምሥጢሩ ውፍረት ነው። እያንዳንዱ ፍሬ ለብቻው ይፈጫል፣ በጣም ወፍራሙ ከሥር ይሆናል፣ ቀጥሎ ያለው ከእርሱ ቀጠን ይላል። አራት ትልልቅ አቮካዶ ከሁለት ኩባያ ውኃ፣ ከስኳርና ከሁለት ሎሚ ጭማቂ ጋር ፍጩ፤ ማንኪያ ላይ ሲቀመጥ ጉብ የሚል ይሁን። አምስት ማንጎ በግማሽ ኩባያ ውኃ ፍጩ፤ ጭረት ካለው በወንፊት አጥልሉት። አንድ መካከለኛ ፓፓያ ደግሞ በአንድ ኩባያ ውኃ። በወቅቱ ዘይቱን ከተገኘ በፓፓያው ፋንታ ይግባ፣ ፍሬው ጠንካራ ስለሆነ ማጥለል ግን የግድ ነው።

አንድ ሦስተኛ ያህል አቮካዶ በብርጭቆው ውስጥ አድርጉና ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጋችሁ መታ መታ አድርጉት፤ ላዩ ይስተካከላል። ማንጎውን በቀጥታ አታፍስሱት። ማንኪያ ገልብጣችሁ የብርጭቆውን ግድግዳ አስነኩና በማንኪያው ጀርባ ላይ እያንሸራተታችሁ አውርዱት። ፓፓያውንም እንዲሁ። ሲያልቅ አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ እንደ ባንዲራ ተለይተው ይቆማሉ። ሎሚ ጨምቃችሁ አቅርቡ፤ ቪምቶ ጠብ ማድረግ የሚወዱም አሉ። ትልቅ ብርጭቆ ለግብዣ አይሆንም፣ አቮካዶ ሆድ ይሞላል፤ የሻይ ብርጭቆ ይበቃል።

መብራት የሚሄድበት ሰፈር ከሆናችሁ ፍሬዎቹን እስከ 6 ሰዓት ፈጭታችሁ ጨርሱ። የአቮካዶው ላይ እንዳይጠቁር ስስ ላስቲክ ጭማቂው ላይ አስነክታችሁ ሸፍኑና ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀምጡ። ብርጭቆ መሙላቱ 8 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመራል።

ቅዳሜ ከሰዓት

ከዚህ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ነው። 7 ሰዓት ላይ ቡቲቻውን ከማቀዝቀዣ አውጥታችሁ ጨውና ሎሚውን ዳግም ቅመሱና መልሱት፤ ቀዝቃዛ ምግብ ጨው ያነሰው ይመስላል። 8 ሰዓት ላይ ስንጉ ይሞላል። 8 ሰዓት ከሩብ ላይ የመጀመሪያው 20 ሳምቡሳ ይጠበሳል። ሁሉንም በአንዴ አትጥበሱ። እኛ ዘንድ 9 ሰዓት የተጠራ ሰው 10 ሰዓት መምጣቱ ያለ ነው፤ ዘግይቶ የመጣው ትኩስ ያግኝ። ሁለተኛው ዙር ሰው ሞልቶ ሲቀመጥ ይጠበሳል፣ ሥራውም ሃያ ደቂቃ ያህል ነው፤ የቅርብ ጓደኛ ካለች ወጥ ቤት ድረስ መጥታ የምታወራበት ጥሩ ሰበብ ይሆናል።

ምግቡን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አትከምሩት። ዳቦ ቆሎና እንጀራው በየጥጉ በትንንሽ ሳህን ይቀመጥ፣ ሰው እየተጨዋወተ ይቆርጥመዋል። ሳምቡሳው በትሪ ይዙር፤ ዕድሜው ከገፋው ተጀምሮ ወደ ልጆቹ ይወረድ። እናትና አባት ዓይነት እንግዶች ተነሥተው ራሳቸው እንዲያነሡ መጠበቅ ነውር ነው፣ «እንቢ» ቢሉም ሁለተኛ ጊዜ ይለመኑ። የበሰለ ነገር ከሁለት ሰዓት በላይ ውጪ አይቆይ። በሶና ዳቦ ቆሎ ግን ምንም አይሆኑም።

ቡናውና ፈንዲሻው

ሥነ ሥርዓቱ የሚጀመረው ሳምቡሳው ሲያልቅ ነው። ቡናው ሲቆላ ፈንዲሻ ይዘጋጅ፦ በትልቅ ድስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ዘይትና ሦስት ፍሬ በቆሎ፤ ሦስቱ ሲፈነዱ ግማሽ ኩባያ ጨምራችሁ ክደኑ፣ ድስቱን ወዝወዝ አድርጉ፣ ድምፁ ሲራራቅ አውርዱ። ጨው ወይም ስኳር ትኩስ ሳለ ይነስነስ። ሚጥሚጣ የሚወዱ ካሉ በአንድ ማንኪያ ለብ ያለ ዘይት በጥብጣችሁ በሌላ ሳህን ለብቻው ለውሱላቸው።

በውጭ አገር አፓርታማ ውስጥ የምትቆሉ መስኮቱን አስቀድማችሁ ክፈቱ፤ የጭስ ጠቋሚው እጣንና ቡና አይለይም፣ ጎረቤትም የእሳት አደጋ መኪናም ሳይጠሩ ሊመጡ ይችላሉ።

አቦል ሲቀዳ የተረፈውን ቁጠሩ። የተጠበሰ ሳምቡሳ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሁለት ቀን ይቆያል፣ በነጋታው በደረቅ መጥበሻ ላይ ያለ ዘይት ይሞቅ። ሳይጠበስ በረዶ የያዘው ወር ይከርማል። ቡቲቻ ሦስት ቀን፣ ስንግ ግን እስከዚያው ማታ ብቻ። ስፕሪስ አይተርፍም፤ ከተረፈ ቶና ሳይደርስ ለልጆቹ ይከፈል። ዳቦ ቆሎውን ቋጥራችሁ መንገድ ለሚርቀው ስጡት።